ስለ ሲ ዲ 14 ተቀባይና ስለ አለርጂ አጭር ትችት

ሲ ዲ 14 በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ተቀምጦ ኢንዶቶክሲን የተባለውን የባክቴሪያ መርዝ የሚለይ ተቀባይ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሪዞና፥ በቱሳን ከተማ ልጆች ላይ የተደረገው ምርምር እንደ ገለጠው፥ በጂኑ መነሻ አጠገብ በአንዲቱ ስፍራ «ሲ» ወይም «ቲ» ይገኛል። በቆዳ ምርመራ አለርጂ ከታየባቸው ልጆች መካከል ከሁለቱም ወላጆች «ቲ»ን የወረሱት በደማቸው ያለው አይ ጂ ኢ፥ ማለት የአለርጂው ፀረ እንግዳ አካል፥ ዝቅ ያለ ነበር።

ምርምሩ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ቲ ይጠብቃል፥ ሲ ይጎዳል» ብሎ መፍረድ አይቻልም። በ2005 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ገጠር ልጆች ላይ የወጣው ጥናት ይህን ያስረዳል። እንደ ድመትና ውሻ ካሉ ለማዳ እንስሳት ጋር በሚውሉት ልጆች ዘንድ «ሲ» ከከፍተኛ አይ ጂ ኢ ጋር ሲገኝ፥ ከበረት ከብት ጋር በሚውሉት ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የበረት አቧራ ኢንዶቶክሲን የበዛበት ስለ ሆነ፥ ተቀባዩ የሚሠራው ሥራ እንደሚያገኘው መጠን ይለዋወጣል ማለት ያስኬዳል።

እንግዲህ የልጁን ጂን መርምሮ የቤቱን አቧራ ሳይለካ የሚፈርድ ሐኪም፥ ለአንዱ ልጅ የሚበጀውን ምክር ለሌላው ጉዳት አድርጎ ሊሰጥ ይችላል።