ሣቅ የጎደለው ምርቃና፤ ስለ «ፋያ ዳዪ» ፊልም

ሱስ በሲኒማ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የጤና ስብከት፣ ወይ የወንጀል ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ጄሲካ በሺር በሐረርና በአካባቢዋ ቀርጻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ለሕዝብ ያቀረበችው «ፋያ ዳዪ» ከሁለቱም ያመለጠ ሥራ ነው። አዘጋጇ በሐረር አድጋ በወጣትነቷ ወደ ሜክሲኮ የተሰደደች ስትሆን፣ ካሜራውን በገዛ እጇ ይዛ በዓመታት ምልልስ ያከማቸችውን ምስል ወደ ሁለት ሰዓት አጥብባዋለች።

የፊልሙ ስልት ከይዘቱ የተወለደ ነው። በጥቁርና በነጭ የተቀረጸው ምስል በጢስና በጥላ መካከል ይንሳፈፋል፤ ድምፁ ሹክሹክታ ነው፤ ጊዜው የቃሚው ጊዜ ነው። ጫት የሚለቅሙትና የሚያስሩት እጆች፣ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ የሚተርከው የሱፊዎች አፈ ታሪክ፣ ከቃሚ አባቱ ጋር የሚጋጨውና ስደትን የሚያልመው ታዳጊ፣ ሁሉም በአንድ ዝግታ ይፈሳሉ። ይኸውም ተመልካቹ ስለ ምርቃና እንዲማር ሳይሆን በምርቃና ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ቅሬታዬ የሚነሣው ከዚሁ ነው። በርጫ ዝምታ ብቻ አይደለም፤ የወሬና የቀልድ ሸንጎም ነው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በቃሉ ሠርቶ፣ ሚኒስትር ሾሞና ሽሮ፣ ሲመሽ የታክሲ የሚለምነውን ሰው የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ሐራራ፣ ምርቃና፣ ጨብሲ፣ ዱካክ እያለ የሱሱን ቀን ከጥዋት እስከ ሌሊት የሰየመው ሕዝብ በራሱ ላይ መሣቅን ያውቅበታል። ፊልሙ ጸሎቱን ሰምቶ ቀልዱን አልሰማም።

ዳኒ ቦይል እ.ኤ.አ. በ1996 ከአርቪን ዌልሽ ልብ ወለድ የሠራው «ትሬንስፖቲንግ» በተቃራኒው በሣቅ ያጠምዳል። የኤድንብራው የሄሮይን ሱሰኛ በቆሻሻ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ጠልቆ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ እንሥቃለን፤ በኋላ ግን የሞተው ሕፃን በጣሪያው ላይ እየዳኸ ሲመጣ ሣቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ያ ሕፃን በእኛ ቋንቋ ዱካክ ነው።

እንግዲህ የቦይልን ጥድፊያ ተውሰን ሐረር ላይ እንጫን ማለቴ አይደለም። ሄሮይን በሥውር ይሸጣል፤ ጫት ግን የገበሬው ማሳ፣ የለቃሚዋ የቀን ገቢ፣ የአገርም የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው። በቃሚው ላይ ከውጭ ሆኖ የሚሣቅ ሣቅ በአምራቹም ላይ ያርፋል። የሚያስፈልገው ከራሱ ከበርጫው የሚነሣው ሣቅ ነው።

ይህን ለመስማት ሩቅ መሄድ አያሻም። የአዳማው የክፍያ መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ አንድ ክፍል፣ አንድ እስር ጫት፣ አምስት ሰዎች፣ ከቀትር እስከ ምሽት፤ ተውኔቱ ይኸው ነው። ያንን መንገድ በሐሳቡ እስከ ጅቡቲ ያስቀጠለው ሰው መጨረሻ ላይ የመሳፈሪያ ይለምናል። እስካሁን በመድረክም በፊልምም አላየሁትም።