ሰሙም ያማል፦ የመለያየት ዘፈንና ወርቅ ፈላጊው አድማጭ

አንጀት የሚበላ የመለያየት ዘፈን በተከፈተበት ቤት ከሁለት አባባሎች አንዱ መሰማቱ አይቀርም። የሚያንጎራጉረው ወንድ ከሆነ «ይሄ ዘፈን ነገር አለው» ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ «ደርሶባት ነው» ይባላል። የመጀመሪያው አባባል ዘፈኑን ከፍቅር አንሥቶ ወደ አገር፣ ወደ መንግሥት፣ ወደ ዘመን ያሻግረዋል። ሁለተኛው አድማጩን ከዘፈኑ አስወጥቶ ዘፋኟ ጓዳ ያስገባዋል። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን ተርጓሚ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። ይህ ትርጓሜ ግን ለወንዱ ቅኔ፣ ለሴቷ ሐሜት ሲያድል ኖሯል ባይ ነኝ፤ ሙግቴም ከዚህ አደላደል ጋር ነው።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ነው። ላይ ላዩን ሲሰማ ፍቅር ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው እንጉርጉሮ ነው። ይሁንና ጥላሁን የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪዎችም የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ነበሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ጥላሁንም ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። ዘፈኑም ከዚያ ወቅት ጋር እየተያያዘ ሲተረጎም ኖሯል። ያልተቻለው ፍቅሩ ነው ወይስ ዘመኑ? አድማጩ ይህን ጥያቄ ከአባት ለልጅ አውርሶታል፤ ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለደው ሁሉ ዛሬ ወርቁን ሊነግርህ ይችላል።

ይህ ትርጓሜ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ዘፋኙ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ማን ሲያዳምጠው እንደነበር ሲታይ አድማጩ ጠርጣራ መሆኑ ተገቢ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። በዘፈኖቻችን ውስጥ አገር ሴት ናት። እናት ናት፣ ሙሽራ ናት፣ የተከዳች ወዳጅ ናት። ስለዚህ ወንድ ድምፃዊ «አንቺ» ባለ ቁጥር ወደ አገር የሚያስገባ በር አብሮ ይከፈታል። «ትተሽኝ ሄድሽ» የሚል ሐሳብ ስደት ይሆናል፤ «ተለወጥሽብኝ» የሚለው አብዮት ይሆናል። ግጥም ደራሲው ይህን ያስብ አያስብ ቋንቋው አስቦለታል።

ሴቷ «አንተ» ስትልስ? በሩ እዚያም አለ። በአገራችን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የገዛው፣ ያሰረው፣ ቃል ገብቶ ያፈረሰው «አንተ» የሚባለው ነው። የከዳትን፣ ያላየላትን፣ ቤቷን ያፈረሰባትን ሰው የምትወቅስ ዘፋኝ ገዢን እየወቀሰች ነው ብሎ ለመተርጎም ከወንዱ ዘፈን የበለጠ እንጂ ያነሰ ምክንያት የለም። ግን አይተረጎምም። ብዙነሽ በቀለም የክቡር ዘበኛ ድምፃዊት ነበረች። ያው ሰፈር፣ ያው ኦርኬስትራ፣ ያው የጭንቅ ዘመን። የእሷን የመለያየት ዘፈን ወደ ቤተ መንግሥት የሚያሻግር ወግ ግን እንደ ጥላሁኑ ሲነገር አይሰማም። ስለ እሷ የሚወራው ስለ ድምፅዋ ነው፤ ቀጥሎም ስለ ኑሮዋ። ዘፈኑ ምን ይል ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል።

ልማዱ ከጥንት የመጣ ነው የሚል ካለ የሙሾን ወግ ያስታውስ። አልቃሽ ሴት ናት። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ በአልቃሽ አፍ የሚነገሩት ስንኞች እስከ ዛሬ አሉ፤ ማንም «ደርሶባት ነው» ብሎ አላጣጣላቸውም። ለአንድ ሟች የወጣ ሙሾ ገዳዩንም፣ ሸሽቶ የቀረውንም፣ አለሁ ብሎ ያልደረሰውንም እንደሚነካ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ያው ጆሮ ነው የሴትን ግጥም በድንኳን ውስጥ እንደ አደባባይ ቃል ሰምቶ፣ በሸክላና በካሴት ሲመጣበት ወደ ጓዳ የመለሰው። መካከል ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

የሆነውን ለማየት ከአዝማሪ ቤት መነሣት ይሻላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሳለ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። እንግዳው የመጀመሪያውን ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያስረዝመዋል፤ ቤቱም ብርሌውን ከአፉ ሳያደርስ ሁለተኛውን ስንኝ ይጠብቃል፤ ነገሩ የሚወጣው ቤት ሲመታ ነዋ። ስንኙ እንዳለቀ ሳቅ ከአንድ ጥግ ይነሣል፤ የተነካው ሰው ማን እንደሰደደበት ለማየት ዞር ይላል። በዚህ ዘፈን ውስጥ «እኔ» የሚለው ማን ነው? አዝማሪው እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። አፉ የእሱ ነው፤ ቃሉ የሰጪው ነው፤ ትርጉሙ የቤቱ ነው። አዝማሪዋ ሴት ብትሆንም ያው ነው። የፍቅር ስንኝ ስለተቀበለች ፍቅረኛዋ ማን ይሆን ብሎ የሚያጣራ የለም።

ሸክላው፣ በኋላም ካሴቱ ይህን የሦስት ሰው ሥራ የአንድ ሰው ፊት አለበሰው። የካሴት ወረቀት ዘርግቶ ያነበበ ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት የዘፋኟ ትልቅ ፎቶ፣ ውስጡን ሲገልጡት በደቃቃ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ የሌሎች ሰዎች ስም። ወረቀቱ ከካሴቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ ፎቶው ግን አእምሮ ውስጥ ይቀራል። አድማጩ «የደረሰባትን ነው የዘፈነችው» ሲል ይህ ደቃቃ ጽሑፍ ይቃወመዋል። ይልማ ገብረአብ ለሴት ድምፃውያን ጽፏል። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለወንዶችም ለሴቶችም ግጥም ሰጥታለች። ወንድ የጻፈውን የሴት ብሶት ሴት ታዜመዋለች፤ ሴት የጻፈችውን የወንድ እንባ ወንድ ያፈሰዋል። «ሳይደርስበት እንዲህ አይዘፍንም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። የደረሰበት ማን ነው? ገጣሚው ነው? ድምፃዊው? ወይስ ዜማውን በክራር ሲፈልግ ያደረው? ዘፋኙ ለግጥሙ ከራሱ የሚጨምረው ነገር መኖሩን አልክድም፤ ድምፅ በሆነ ቦታ ሲሰበር ያ ስብራት በወረቀት ላይ አልነበረም። ይህ ግን ጥበብ ነው። የጥበብን ውጤት የምስክርነት ቃል አድርጎ መስማት ዘፋኟን ከባለሙያነት ወደ ተበዳይነት ያወርዳታል።

ሁለተኛው ለውጥ ሳንሱር ነው። በደርግ ዘመን የዘፈን ግጥም ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት መመርመር ነበረበት። መርማሪውን የዚያ ዘመን ትጉህ አድማጭ ብለው አላጋነንኩም፤ «አንቺ» የተባለችው ማን ናት፣ «ክረምቱ» ምንድን ነው፣ «የሄደው» የት ሄደ እያለ ከስንኝ ስንኝ የሚያስስ የመንግሥት ጆሮ ነበር። ሕዝቡም ይህን ያውቃል፤ አልፎ የመጣ ዘፈን ምን ደብቆ እንዳለፈ ይፈልጋል። ገጣሚው በበኩሉ ሁለቱንም አስቦ ይጽፋል። ቅድመ ምርመራው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቢቀርም ጆሮው እንደተሳለ ቀረ። ዛሬ ምንም የማይከለክለው ገጣሚ የጻፈው ተራ የፍቅር ዘፈን እንኳ ገና በወጣ በሳምንቱ ወርቅ ሲቆፈርበት እናያለን። ምሁራዊው ጽሑፍም ለዚህ ድርሻ አለው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ የአማራ ባህል በጠቅላላው የሚታየው በድብቅ ትርጉም መነጽር ሆኗል። መነጽሩ ብዙ አሳይቷል። ያልደበቀውን ሰው ግን አያሳይም።

የቅኔ ቤት ሕግ ከዚህ ይሻላል። ሰሙ በራሱ የማይቆም ቅኔ ተቀባይነት የለውም፤ ወርቁ ምንም ያህል ቢረቅ ሰሙ ከተንጋደደ መምህሩ ይመልሰዋል። የስያሜው ምንጭ የሆነው የአንጥረኛ ሥራም ይህንኑ ይላል። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርፁን ይሠራል፣ በጭቃ ያለብሰዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰውና በቦታው ወርቁን ያንቆረቁራል። ወርቁ የሚይዘው ቅርፅ ሰሙ የተወለትን ነው። «አልቻልኩም» የፖለቲካ ኀዘን መሆን የቻለው መጀመሪያ የፍቅር ኀዘን ሆኖ ስለሚያም ነው። ያንን ሕመም «ሽፋን» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ወርቁንም ቅርፅ አሳጥቶታል። ለሴቷ ዘፈን ደግሞ ተቃራኒው ተደርጓል፤ ሰሙ ብቻ ተወስዶ፣ ያውም እንደ ሰም ሳይሆን እንደ ወሬ፣ ወርቅ ይኖረው እንደሆን እንኳ አልታየም።

ትርጉም በቃሉ ውስጥ ብቻ እንደማይቀመጥ የሚያሳየው ትዝታ ነው። ስንኞቹ ባለቤት የላቸውም፤ ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ይዘዋወራሉ፤ ባለታሪክም የላቸውም፤ የሚጠራው ራሱ ትዝታ ነው። ጌታቸው ካሣ በዝግታና በፍጥነት ተጫውቶታል። በዝግታው ሰውየው ያለፈው ገና አልለቀቀውም፤ እያንዳንዱን ስንኝ ጎትቶ ያመጣዋል። በፈጣኑ ያው ሰው ተነሥቶ ቆሟል፤ ትከሻው መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ኀዘኑ አለ፣ ግን ሌላ ሰው ፊት ነው ያለው። ታሪኩን የለወጠው ምቱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያለ ግጥም ሲጫወተው ደግሞ አንድም ቃል የለም፤ አድማጩ ግን ታሪክ መስማቱን አላቋረጠም። ዘፈኑ የሚሰጠው ባዶ ወንበር ነው፤ ማን እንደሚቀመጥበት የሚያውቀው ሰሚው ነው።

አስናቀች ወርቁን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይለኛል። ክራሯን ይዛ ብቻዋን ተቀምጣ የምትጫወት፣ የመድረክ ተዋናይትም የነበረች፣ ስንኝን በስንኝ ላይ አዋቅራ ሰውን የምትወጋ ባለቅኔ ነበረች። በእጇ ያለው መሣሪያ፣ በአፏ ያለው ግጥም የራሷ ነው፤ «እኔ» ስትል ያ «እኔ» ተሠርቶ የቀረበ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ከማንም በላይ ተዋናይቷ ታውቃለች። ስለ እሷ ሲወራ ግን ቶሎ የሚነሣው ውበቷና የወደደችው ሰው ነው። ክራሯ ላይ የምታቆምበትን፣ ስንኙ ሊያልቅ አንድ ቃል ሲቀረው ትንፋሿን ይዛ አድማጩን የምታስጠብቅበትን ጥበብ የተነተነ ብዙ የለም። ግጥሟን እንደ ቅኔ ብናነበው የምንወቀሰው በማጋነን አይሆንም። እስከ ዛሬ ባለማንበባችን ነው።

ከሁሉ ይልቅ አደላደሉን የሚያፈርሰው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ወንድ ልጅ ከቤት ወጥቶ የማይመለስበት ጊዜ ነበር፤ ታስሯል፣ ተገድሏል፣ ወይም በሱዳን በኩል ወጥቷል። በዚያ ዘመን ሴት ስለቀረው «አንተ» ስትዘፍን ምን ዓይነት ምስጢራዊ ትርጉም ያስፈልጋታል? የሄደው ወዳጅ በእርግጥ ሄዷል። የወሰደው መንግሥት ነው። የጓዳው ሕመምና የአደባባዩ ሕመም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሰምና ወርቅ ብሎ ለመለየት ቦታ የለውም። «ደርሶባት ነው» የሚለው ቃል እንኳ እዚህ ትርጉሙ ይቀየራል። አዎ፣ ደርሶባታል፤ የደረሰባት ታሪክ ነው።

በዚያው ጊዜ የተገደለባቸው ቤተሰቦች በአደባባይ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ለእናት፣ ሬዲዮ ላይ የሚለቀቅ የመለያየት ዘፈን ሊፈቀድ የሚችል የእንባ ሰበብ ነበር። ዘፋኙ ወንድ ቢሆን፣ የሚያለቅሰው ለወዳጁ ቢሆን፣ «አንቺ» ቢል፣ እሷ ጾታውንም ዝምድናውንም ለውጣ ለልጇ ልትሰማው ትችላለች። ይህ አሰማም ነው እስከ ዛሬ ያልተጠናው። የሙዚቃ ታሪካችን የሚመዘግበው ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንዳቀናበረ፣ በየትኛው ዓመት እንደታተመ ነው፤ ማን ምን ብሎ እንደሰማው አልጠየቀም። የዚያ ዘመን እናቶች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ያሉትም በእድሜ ገፍተዋል። ጠያቂ ቢሄድ ይዞት መሄድ ያለበት ጥያቄ ውስብስብ አይደለም፤ የትኛው ዘፈን ነበር፣ የቱ ስንኝ ላይ ሲደርስ ነበር የማይቻለው፣ ያን ጊዜስ ቤት ውስጥ ማን ነበረ፣ ለሰው ፊት ምን ብለው ነበር ያለቀሱት።