ጊዜ ወዴት ፈሰሰ? አንድ የአየርላንድ ልቦለድ በሻደይ ዓይን

«ጊዜ አጣሁ» የማይል ሰው የለም። የኬት ቶምፕሰን «ዘ ኒው ፖሊስማን» ይህችን ተራ እሮሮ እንዳለች አምኖ ይነሣል። በምዕራብ አየርላንድ፣ ኪንቫራ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ጊዜ የምር እያነሰ ነው። የ15 ዓመቱ ጄ ጄ ሊዲ እናት ለልደቷ የምትሻው ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጁም የጠፋውን ፍለጋ ቲር ና ኖግ ወደተባለው እርጅና የሌለበት አገር ይሻገራል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የጋርዲያንንና የዊትብሬድን የልጆች መጽሐፍ ሽልማቶች አግኝቷል።

ሄኖክና ኤልያስ ሞትን ሳይቀምሱ የሚኖሩበትን ብሔረ ሕያዋን እየሰማ ያደገን ልጅ እንዲህ ያለው አገር አይገርመውም። ዜማ ከወዲያኛው ዓለም ይቀዳል የሚለውም እምነት የእኛ ነው፤ ያሬድን ያስተማሩት ከኤደን የመጡ ሦስት አዕዋፍ ናቸው። ንጉሡ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ በጦሩ የያሬድን እግር ሲወጋ፣ ወጊም ተወጊም አልተሰማቸውም። ቶምፕሰን በምዕራፍ ብዛት የምትደክምለትን የጊዜ መቆም ትውፊታችን በአንድ ጦር ይጨርሰዋል።

የልቦለዱ ትልቁ ብልሃት በየምዕራፉ ማብቂያ የሚቀመጠው የባህላዊ ዜማ ኖታ ነው። ኖታ ለማያነብ ልጅ ግን ጭረት ብቻ ነው፤ ከመምህር እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው የድጓ ምልክት እንደሚሆነው።

የልቦለዱ ጠበኛ ደግሞ ካህን ነው። ሙዚቃና ጭፈራን ይጠላ የነበረ ቄስ ጠፍቶ፣ ጥርጣሬው የጄ ጄ ቅድመ አያት ላይ ወድቋል። ይህ ከታሪክ የራቀ አይደለም፤ የአየርላንድ ቀሳውስት የቤት ጭፈራን ያወግዙ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የጭፈራ አዳራሾች ሕግም አግዟቸዋል። ሻደይ በሚከበርበት ዋግ ኽምራ ግን ይህ ጠብ ቦታ አያገኝም። ይህ የልጃገረዶች በዓል የሚወጣው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። የሰቆጣ ልጃገረዶች ተኩለውና ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ።

ሂሴ እዚህ ላይ ነው። ቶምፕሰን ጊዜን በሁለት ዓለማት መካከል በተከፈተ ቀዳዳ ታፈስሰዋለች፤ ለልብ ወለድ ያምራል፣ ለጥያቄው ግን ማምለጫ ነው። ዋግ ላይ የልጅቱ ጊዜ የፈሰሰበት ይታወቃል፦ ጀሪካኑ፣ እንጨቱ፣ ፍየሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልነበራትን ጊዜ የምታገኘው በሻደይ ሰሞን፣ ከበሮው ሲመታ ነው። ኪንቫራ ላይ የዘፈን ጊዜ ጠፋ፤ እዚህ ዘፈኑ ራሱ ጊዜ ይሰጣል። ከአየርላንዱ መጽሐፍ ዜማን የታሪክ ሞተር ማድረግን እንማር፤ ቀዳዳውን ግን እንተወው።

ታዲያ የሻደይ ምናባዊ ልቦለድ ቢጻፍ፣ በዋግ ቋንቋ በኽምጣንጋም ሆነ በአማርኛ፣ ምዕራፉ በምን ይዘጋል? ኖታ አይስማማውም። አውራጇ ግጥሙን እንደደረሰችበት ደጃፍ፣ እንደ አባወራው እጅ መፍታትና መጨበጥ ትለዋውጣለች፤ ተቀባዮቹ ብቻ አዝማቹን ይዘው ይጠብቋታል። እኔ ብሆን የተቀባዮቹን መልስ አስፍሬ የአውራጇን ቦታ ባዶ እተው ነበር።