የገብረ ጉንዳን ጐተራ፦ ስለ ቁጠባና ስለ ኑሮ የቀረበ ሒስ

ለወጣቶች ቁጠባን ለማስተማር ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ የገብረ ጉንዳንንና የፌንጣን ያህል የታወቀ የለም። ገብረ ጉንዳን በበጋ እህል ስታከማች ፌንጣ ስትዘፍን ከረመች። ክረምት በገባ ጊዜ ፌንጣ ራብ ጠናባትና ከጎረቤቷ ደጅ ሄዳ ጥቂት እህል ለመነች። ገብረ ጉንዳንም በበጋ ምን ትሠራ እንደ ነበረ ጠይቃ አፌዘችባትና ባዶ እጇን መለሰቻት። ከጥንት ከኤዞፕ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረውን ይህን ተረት፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያ ተረት አድርጎታል።

ዛሬ ይህን ተረት ለመመርመር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን በኪራይ ቤት የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች የራሳቸውን ቤት ለማግኘት ይቈጥባሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ተረቱን እንደ ሕግ ይዘው ከራሳቸውም ከቤተ ሰባቸውም አፍ ይነጥቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ቤት ከቶ የማይደረስበት ነገር ሆኗል ብለው ደመወዛቸውን በተቀበሉበት ሳምንት ይጨርሱታል። ሁለቱም ወገኖች የሰው ልጅ ወይ ገብረ ጉንዳን ወይ ፌንጣ ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የሌለው ይመስላቸዋል። የተረቱም ትልቅ ጉድለት ይኸው ነው።

አስቀድመን ግን የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ክረምት እንደሚመጣ መናገሩ እውነት ነው። በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ አከራዩ ዋጋ ጨምር ባለው ጊዜ መልስ የለውም፣ ልቀቅ ባለውም ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ያፈናቅላል። ስለዚህ ለቤት መቈጠብ ስስት አይደለም፤ ለቤተ ሰብ ማሰብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችንም አልተሳሳቱም።

የተረቱ የመጀመሪያው ጉድለት ርኅራኄ የሌለው መሆኑ ነው። ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ይህን ተረት ነቅፎታል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ለመምሰል የሚመርጡት ገብረ ጉንዳንን ነው፤ ከእርሷም የሚማሩት መቈጠብን ብቻ ሳይሆን መከልከልንና በተቸገረ ሰው ላይ ማፌዝን ጭምር ነው ይላል። ነቀፌታው በእኛም ዘንድ እውነት ሆኖ ይታያል። ለቤት እየቈጠብሁ ነው የሚለው ቃል ለአንዳንድ ሰው ከወዳጅ ሐዘን መቅሪያ፣ የታመመ ዘመድንም ላለመጠየቅ ምክንያት ይሆነዋል። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን በሠራ ጊዜ የሚጠራው እንግዳ አያገኝም።

ሁለተኛው ጉድለት የፍጥረትን ጠባይ አለማወቁ ነው። ላ ፎንቴን የጻፈው ስለ ፌንጣ ሳይሆን፣ በሞቃት አገር በዛፍ ላይ ሆና ስለምትጮኽ ሲጋል ስለምትባል ተባይ ነው። የተባዮችን ጠባይ በመመርመር የታወቀው ፈረንሳዊው ዣን አንሪ ፋብር (1823–1915 እ.ኤ.አ.) ይህችን ተባይ በዐይኑ ተከታትሎ፣ ነገሩ የተረቱ ተቃራኒ መሆኑን ጽፏል። እርሷ የዛፉን ልጥ በስታ ፈሳሹን ስትጠጣ፣ መጥተው የሚሻሟት ጉንዳኖቹ ናቸው። እህልም አትበላም፤ እስከ ክረምትም አትኖርም። ጉንዳኖችም ቢሆኑ ጐተራቸውን ለመሙላት ብለው ጦማቸውን አያድሩም። እያከማቹ ይበላሉ፤ አንዷ የበላችውንም ከአፏ አውጥታ ለሌላዋ ታካፍላለች። እንግዲህ ገብረ ጉንዳንን እንምሰል የምንል ከሆነ፣ መምሰል የሚገባን እየሠራች የምትበላውንና የምታካፍለውን እውነተኛዋን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ተረቱ ከገብረ ጉንዳን ደጅ ላይ መቆሙ ነው። ጐተራዋን ሞልታ ከዘጋች በኋላ ምን እንዳገኛት አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ሌላው የኤዞፕ ተረት ነው። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ ሸጦ ወርቅ ገዛና በመሬት ቀበረው፤ በየቀኑም እየሄደ ይጎበኘው ነበር። ሌባ አይቶ ሰረቀበት። ሰውዬው ሲያለቅስ ያየው ጎረቤቱ፣ በወርቁ ያልተጠቀምህበት ከሆነ በጉድጓዱ ድንጋይ ቅበርና እንደ ወርቅ ቍጠረው ብሎ መከረው። ለወጣት የመጀመሪያውን ተረት ብቻ ነግሮ ሁለተኛውን መተው ትምህርቱን ግማሽ ማድረግ ነው።

የገብረ ጉንዳንን ጐተራ በተረቱ ውስጥ ነቀዝ አይበላውም። የእኛን ግን ይበላዋል፤ የገንዘብ ነቀዝ የኑሮ ውድነት ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በመቶ ከ5 ወደ 7 ከፍ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት በመቶ ከ30 በላይ ጨመረ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻው 1,070 ብር ቢያገኝ፣ አስቀድሞ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት ከ1,300 ብር በላይ ያስፈልገው ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶችንም ነገር እንመልከት። አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ቤት ፈላጊዎችን መዘገበች፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80ና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች እንደ ገና መዘገበች። በ20/80 ቈጣቢው ከቤቱ ዋጋ በመቶ 20 ሲያስቀምጥ የቀረውን ባንክ ያበድረዋል። አሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ ሰዎችንም ባለ ቤት አድርጓል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል ዕጣቸውን ለማየት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. የወጣውም ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ስለ ተገኘበት ተሰርዞ፣ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ሆኖታል። አባቱ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለማናቸውም ጥያቄ ቤታችንን ስናገኝ የሚል መልስ ሲሰጥ ከኖረ፣ ልጁ የልጅነቱን ዘመን የጨረሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያለ ነው። ቁልፉ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል፤ ልጅነቱ ግን አይመለስም።

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ፣ እንግዲያውስ እንብላ እንጠጣ ማለት ነው ይለን ይሆናል። አይደለም። የጐተራ ነቀዝ ያስፈራው ገበሬ እህሉን ሁሉ በአንድ ቀን ድግስ አይጨርስም፤ ጐተራውን ይመረምራል እንጂ። ያልቈጠበ ሰው ዕጣው ቢወጣለት እንኳ የሚከፍለው የለውምና ቤቱ ያመልጠዋል። እኛ የምንነቅፈው ቁጠባን ሳይሆን ልክ የሌለውን ቁጠባ ነው።

ልኩም በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ቁጠባ መጠንና ቀን ይኑረው። እቁባችን በዚህ ረገድ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የሚጣለው ገንዘብ የታወቀ ነው፣ ሁሉም በተራው ይደርሰዋል፣ ዙሩም ያልቃል፤ በዚያውም ላይ ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ ይጫወትበታል። ስንት እንደሚበቃውና መቼ እንደሚያበቃ የማያውቅ ቈጣቢ ግን የሚያጠራቅመው ገንዘብን ሳይሆን ፍርሃትን ነው። በየዓመቱም፣ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ከዓምና ይልቅ ወደ ቤቱ አቅርቦኛልን ብሎ ይጠይቅ። ካላቀረበው መንገዱን ይለውጥ፤ ጥቂቱን ሙያ ለመማር ወይም የሥራ መሣሪያ ለመግዛት ያውለው፤ በእጅ ያለ ሙያ ነቀዝ አይበላውምና።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ካለፈ የማይገኘውን ነገር ጊዜው ቢያልፍም ከሚገኘው ያስቀድም። ቤት በ30 ዓመትም በ45 ዓመትም ይገዛል። የልጅ ወተት፣ የሕመም መድኃኒት፣ ያረጀች እናትን ለበዓል ሄዶ መጠየቅ ግን ቀጠሮ አይቀበሉም። እነዚህን ቀንሶ ለቤት የሚያጠራቅም ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ነው።

ሦስተኛ፣ ደስታም እንደ ኪራይና እንደ ቀለብ የታወቀ ድርሻ ይሰጠው። ይህ ድርሻ ትንሽ ቢሆን አይጐዳም። ጥቂት ቢሆንም አስቀድሞ የተመደበ ደስታ ቁጠባን አያፈርስም፤ ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ሰው ግን አንድ ቀን ትዕግሥቱ ያልቅና የዓመቱን ቁጠባ በአንድ ሳምንት ያጠፋዋል። ባልና ሚስትም ድርሻውን ተመካክረው ይወስኑ፤ አንዱ ሲቈጥብ ሌላው የሚራብበት ቤት ገና ሳይሠራ ፈርሷል።

ላ ፎንቴን በዚህ ተረቱ መጨረሻ ላይ ምክር አልጻፈበትም። ፍርዱን ለአንባቢው ተወለት፤ ለገብረ ጉንዳን የፈረዱላት በኋላ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱ የአንተ ነው፤ የአንቺም ነው። ጐተራችሁን ሙሉ፤ ነገር ግን ጐተራው ሲሞላ አብሯችሁ የሚበላ ሰው በቤታችሁ እንዲገኝ፣ ዛሬም ከመሶቡ ዙሪያ አትጥፉ።