«ምስጢራዊ ገንዘብ» ስለሚለው ስያሜ

ክሪፕቶከረንሲ የሚለውን ቃል አንዳንድ ተርጓሚዎች «ምስጢራዊ ገንዘብ» ብለው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ስያሜው ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ቃሉ ከወንጀል ጋር ተያይዞ በሚነሣበት ጊዜ አንባቢን ያሳስታል የሚል አስተያየት አለን።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው የመገበያያ ድርጅት 119,754 ቢትኮይን ተሰረቀ። የአሜሪካ መርማሪዎች ከዚህ ውስጥ ከ94,000 የሚበልጠውን በ2022 ያዙ፤ ዋጋው በዚያን ጊዜ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የተሰረቀውን ሊከታተሉ የቻሉት እያንዳንዱ የቢትኮይን ዝውውር ማንም ሊያነበው በሚችል የጋራ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ነው። ከመዝገቡ የሚጎድለው የባለቤቱ ስም ነው እንጂ የገንዘቡ ጉዞ አይደለም። ምስጢር የሚሆነው ባለቤቱ የክፍያ ትእዛዙን የሚፈርምበት ቁልፍ ነው። እንግዲህ «ምስጢራዊ» የተባለው ቅጽል ከማይገባው ስም ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ባንክንና ቼክን እንዳሉ የተቀበለ ቋንቋ «ክሪፕቶ ገንዘብ» ቢል የሚጎዳ አይመስለንም።

ዋሌትን «ቦርሳ» ማለትም ከዚሁ ስሕተት አይርቅም። በዚህ ቦርሳ ውስጥ ገንዘብ የለም። ከላይ በጠቀስነው ምርመራ የተገኘው ከተከሳሾቹ የአንዱ የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠ፣ የአድራሻዎችና የቁልፎች ዝርዝር የያዘ ፋይል ነበር። «ቦርሳው ተያዘ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብሩ ከውስጡ ተቆጥሮ የወጣ ያስመስለዋል። «የቁልፍ ማኅደር» ብንለውስ? ማኅደር የመጽሐፍ ማኖሪያ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ የሚይዘውም ምን እንደሆነ ከስሙ ይረዳል።

ሁለቱ ተከሳሾች በ2023 ያመኑትን ወንጀል ደግሞ በእንግሊዝኛው መንገድ «ገንዘብ ማጠብ» የሚሉ አሉ። በአማርኛ የታጠበ ነገር ይነጻል፤ ይህ ገንዘብ ግን ከስንት እጅ ወደ ስንት እጅ ቢዘዋወር የስርቆት ገንዘብነቱ አይለቀውም። የአዋጅ ቁጥር 780/2005 ተርጓሚዎች «ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ማለታቸው ከዚህ የተሻለ ነው። ርዝመቱ ለመዝገበ ቃላት አርእስት እንደማይመች አንክድም፤ ለጋዜጣ አርእስትማ ጭራሽ አይሆንም። ነገር ግን የወንጀሉ ፍሬ ነገር «አስመስሎ» በሚለው ቃል ውስጥ ስላለ፣ አሳጥራለሁ የሚል ሰው ሌላውን ቢቀንስ እንኳ ይህን ቃል እንዲተው አንመክርም።