ኅሊና በመድረክ ላይ፤ ስለ ቶም ስቶፓርድ «አስቸጋሪው ጥያቄ»

አንጎል ብርሃንን ከጨለማ እንዴት እንደሚለይ፣ ያየውን እንዴት እንደሚያስታውስ፣ እጅና እግርን እንዴት እንደሚያዝ ሳይንስ ደረጃ በደረጃ እያስረዳ መጥቷል። ይህ ሁሉ ሥራ ሲከናወን ግን ስሜት ለምን አብሮት ይኖራል? ቁስል መመዝገቡ ሳይበቃ ለምን ያማል? አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 እ.ኤ.አ. «አስቸጋሪው ጥያቄ» ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው። በቼኮስሎቫኪያ የተወለደው እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድም ስያሜውን ለተውኔቱ ርእስ አደረገው፤ ተውኔቱም በጥር 2015 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ለተመልካች ቀረበ።

ሂላሪ በአንድ የአንጎል ምርምር ተቋም የምትሠራ ወጣት የሥነ ልቡና ተመራማሪ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ወልዳ ለማደጎ የሰጠቻት ልጅ አለቻት፤ ማታ ማታም ትጸልያለች። መምህሯና ወዳጇ ስፓይክ በዚህ ይሳለቃል። ለእርሱ የእናት ፍቅር እንኳ ዘርን ለማትረፍ የሚደረግ ስሌት ነው።

ስቶፓርድ ክርክር መጻፍ ያውቅበታል፤ ቃለ ምልልሱ ፈጣን፣ ስለታም፣ አስቂኝም ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ሰዎቹ ስለ ንቃተ ኅሊና ይከራከራሉ እንጂ የራሳቸው ኅሊና ሲነቃ አይታይም። ንድፈ አሳብን በገጸ ባሕርይ አፍ አኑሮ ተውኔት ነው ማለት በየአገሩ የታየ ልማድ ነው። ይህ ተውኔት ነፍስ የሚዘራው ቦ የተባለችው ረዳት፣ በሕፃናት ላይ ከተደረገ ጥናት ውስጥ ለሂላሪ አሳብ የማይመቹትን ውጤቶች ስታወጣ ነው። ያደረገችው ሂላሪን ስለምትወድ ነው። ሂላሪም ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ ሥራዋን ትለቃለች። ስፓይክ ያላመነበት ደግነት እዚህ ላይ በከፈለው ዋጋ ተመዝኖ በተመልካች ፊት ይቆማል።

በአማርኛ «ኅሊና» የሚለው ቃል ማሰብንም፣ መልካሙን ከክፉው ለይቶ መጸጸትንም አጣምሮ ይይዛል። ለፍልስፍና ተርጓሚ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ተውኔት ግን ሁለቱን በሁለት ቃል ከሚለያየው እንግሊዝኛ ይልቅ የሚስማማ ነው።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። የተቋሙ ባለቤት የሆነው ከበርቴ በማደጎ የሚያሳድጋት ልጅ የሂላሪ ልጅ ሆና ትገኛለች። ጸሎቱ ተሰማ ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰሚው ደራሲው ራሱ ነው! ቦ የማይመቿትን ውጤቶች እንዳስወገደች ሁሉ፣ ስቶፓርድም የማይመቹትን ዕድሎች ከመድረኩ አስወግዷል።

ቁስ አካላዊው አመለካከትም ፍትሕ አላገኘም፤ ስፓይክ የሚወክለው የዘርን ስሌት ብቻ ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 እ.ኤ.አ. በታተመው «አስተሳሰብና ቋንቋ»፣ ሕፃን አስቀድሞ ከሌሎች ጋር እንደሚነጋገር፣ ያው ንግግር ኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ የውስጥ ንግግር እንደሚሆን አስረድቷል። በዚህ ዐይን ቢታይ የሂላሪ ጸሎት የሚሳለቁበት ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ብቻውን በሆነበት ሰዓት እንኳ ከሌላ ጋር እንደሚኖር የሚያሳይ ነው። እርግጥ ይህ ስሜት ለምን እንደሚኖር አይፈታም፤ መልኩን ከየት እንዳገኘ ግን ያመለክታል። ስፓይክ ይህን እንዲናገር ቢፈቀድለት ኖሮ ሂላሪ ብርቱ ተከራካሪ ታገኝ ነበር፤ ተመልካቹም ከአዳራሹ ሲወጣ ለማን እንደሚፈርድ በተቸገረ ነበር።