ሰበበኛው እንቅልፍ፦ በሞርስ ሮድ ንቁ ሕልምን ስለ መማር

ንቁ ሕልም የሚባለው፣ የተኛ ሰው እንቅልፉ ሳይቋረጥ የሚያየው ነገር ሕልም መሆኑን እዚያው ሕልሙ ውስጥ ሳለ የሚያውቅበት ሁኔታ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ አንዳንዱ የሕልሙን አካሄድ እንደ ፈቃዱ ይመራዋል፤ ሌላው መምራት ሳይሆንለት ማወቁ ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የሙያው መለኪያ ማወቁ እንጂ ማዘዙ አይደለም። አርስጣጣሊስ ስለ ሕልም በጻፈው ድርሰት ሁኔታውን ጠቅሶታል፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበትን ስም ያስለመደው ግን የኔዘርላንዱ ሐኪምና ደራሲ ፍሬደሪክ ቫን ኤደን እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀረበው ጽሑፍ ነው።

ሳይንሱ ነገሩን ለመቀበል ዘግይቷል፤ የተኛ ሰው «አሁን እያለምኩ ነው» ብሎ ሊመሰክር አይችልም የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቶ ነበርና። ክርክሩን የፈታው የዓይን ጡንቻ ነው። ናትናኤል ክላይትማንና ዩጂን አሰሪንስኪ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳወቁት፣ እንቅልፍ ዓይን ከቆብ ሥር ወዲያና ወዲህ በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል አለው፤ ጎልቶ የሚታየው ሕልም የሚበዛውም በዚሁ ክፍል ነው። በዚያ ጊዜ የእጅና የእግር ጡንቻዎች ሲታሰሩ ዓይን ግን ነጻ ስለሚሆን፣ የእንግሊዙ ተመራማሪ ኪት ኸርን በኸል ዩኒቨርሲቲ በኤፕሪል 1975፣ አላን ወርስሊ የተባለ ሕልመኛ አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ከሕልሙ ውስጥ የላከውን ምልክት በመሣሪያ መዘገበ፤ ስቲቨን ላበርጅም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ተመሳሳይ ማስረጃ በ1981 አሳተመ። በ2021 በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድ የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች በጋራ ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር የተጠየቀ አንድ ሕልመኛ እንቅልፉ ሳይቋረጥ በዓይኑ 2 ብሎ መልሷል።

እንግዲህ መቻሉ ካልቀረ፣ ሰው በየሌሊቱ ሊታመን የማይችል ነገር እያየ ለምን አይነቃበትም የሚለው ጥያቄ የሙያው ዋና ጥያቄ ይሆናል። የተለመደው መልስ፣ በዚህ የእንቅልፍ ክፍል ከግንባር በስተኋላ ያለውና ማመዛዘንን፣ ዕቅድንና የቅርብ ትውስታን የሚያግዘው የአንጎል ክፍል ሥራውን ስለሚቀንስ ሕልመኛው እንግዳውን ነገር አያየውም የሚል ነው። መልሱ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ሕልሙን በጥንቃቄ የመዘገበ ተለማማጅ ሁሉ እንደሚያገኘው፣ ሕልመኛው እንግዳውን ነገር ብዙ ጊዜ ያየዋል፤ አይቶም ይገረማል፤ ነገር ግን ግርምቱ ጥያቄ ለመሆን ሳይደርስ ሰበብ ይቀድመዋል። ግድግዳው ባሕር ሆኖ ቢገኝ ቤቱ በቅርቡ የታደሰ ይመስለዋል፤ ወንድሙ የሕፃን መልክ ይዞ ቢመጣ «ታሞ ከስቶ ነው» ይላል። የሕልም አመክንዮ የሚባለው፣ ማለትም ነገሮች በሕልም ውስጥ የሚያያዙበት ሥርዓት፣ ከሁሉ በላይ ይህ ሰበብ የመፍጠር ችሎታ ነው። ስለዚህ መማር የሚያስፈልገው እንግዳ ነገርን ማደን ሳይሆን፣ ሰበቡን በተወለደባት ቅጽበት መያዝ ነው።

ይህ ልዩነት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በስደተኛ ሕይወት ነው፤ በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው ሞርስ ሮድም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ሞርስ ሮድ በከተማዋ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ መንገድ ሲሆን፣ ከሃይ ስትሪት ተነሥቶ ካርል ሮድንና ክሊቭላንድ አቬኑን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1999 እስከተከፈተው የኢስተን የገበያ ማዕከልና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። በዚህ መንገድና በዙሪያው የኢትዮጵያውያን፣ የኤርትራውያንና የሶማሌዎች ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ፤ በረዶ በሸፈነው የመኪና ማቆሚያ ዳር በፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ይነበባል፤ በሩ ሲከፈት የቡና ሽታ ይወጣል። በሌላ አነጋገር፣ ላበርጅ የሕልም ምልክት አድርጎ የሚጠቅሰው የቦታ መደበላለቅ እዚህ የቀን ኑሮ ነው።

ላበርጅ የሕልም ምልክቶችን፣ ማለትም ሕልመኛው ማለሙን እንዲያውቅ የሚረዱትን ያልተለመዱ ነገሮች፣ በአራት ይመድባቸዋል፦ በሐሳብና በስሜት የሚታይ እንግዳነት፣ በድርጊት የሚታይ፣ በቅርጽ የሚታይ፣ እንዲሁም በአገባብ የሚታይ፤ አገባብ ማለት ነገሩ በራሱ ያልተለመደ ሳይሆን በማይሆን ቦታ ወይም ጊዜ ሲገኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለማንም ሰው አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚበር ሰው በባሕር ዳርም በኮሎምበስም እንግዳ ነው። አራተኛው ግን በስደተኛው ዘንድ ይደነዝዛል። ከክሊቭላንድ አቬኑ መብራት ቀኝ ታጥፎ ፒያሳ የደረሰ ሕልመኛ፣ በቀን ሕይወቱ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የሚሻገረው አንድ በር በመክፈት ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ እምብዛም አይደንቀውም፤ ቢደንቀውም ሰበቡ ዝግጁ ነው። ከዚህ የሚረቀው ደግሞ ፒያሳው የትኛው ፒያሳ ነው የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት እ.ኤ.አ. በ2024 የፈረሱት አሮጌ የፒያሳ ቤቶች በሕልም ውስጥ እንደ ቆሙ ይገኛሉ፤ ሕልመኛው መፍረሳቸውን በስልኩ መስኮት ቢያይም ትውስታው የተሠራው በእግሩ በሄደበት ዘመን ነው። የሞርስ ሮድ የቆየ ነዋሪም ከዚህ አያመልጥም፤ በካርል ሮድ መገናኛ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፍቶ በ2002 የተዘጋው የኖርዝላንድ የገበያ ማዕከል ሕልሙ ውስጥ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ሰዓትና ቀን ከዚህም የባሰ ችግር ያመጣሉ። በሙያው ከታወቁት የእውነታ መፈተኛዎች፣ ማለትም ሰው ነቅቶ ወይም ተኝቶ መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው አጫጭር ልምምዶች፣ አንዱ ሰዓት ማየት ነው፤ በሕልም ሰዓቱ የማይሆን ነገር ያሳያል ይባላል። ኮሎምበስ ያለ ኢትዮጵያዊ ግን ሁልጊዜ በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ይኖራል። ስልኩ ከምሽቱ 11፡00 ሲል እሱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ በበረዶው ወራት በዚያችው ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ ማግሥቱ ነግቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኗል፤ አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ወደፊት ገፍታ በኖቬምበር ስትመልስ ደግሞ የ8 ሰዓቱ ልዩነት 7 ሆኖ ይከርምና እንደገና 8 ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ሕልሙ ውስጥ ሰዓቱ 6 ሰዓት ቢስት «በሐበሻ ነው» ይባላል፤ የግድግዳው ካላንደር 8 ዓመት ወደ ኋላ ቢቀር «ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው» ይባላል፤ ሁለቱም በቀን ዕውነት የሆኑ ሰበቦች ስለሆኑ አይነቃባቸውም። መፍትሔው ፈተናውን መተው ሳይሆን የሚፈተነውን ነገር መለወጥ ነው፤ ሰዓቱ ትክክል ነው ወይ ከማለት ይልቅ፣ አይቶ፣ ዓይንን ዘወር አድርጎ፣ እንደገና ሲያዩት ያው ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በንቃት ዓለም የትኛውም አቆጣጠር በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ራሱን አይክድም፤ በሕልም ግን ቁጥርና ጽሑፍ ሁለተኛ ሲነበቡ ብዙውን ጊዜ ይለወጣሉ።

ከሰበቦች ሁሉ ከባዱ ሙታንን የሚመለከተው ነው። በአገር ቤት ያለ ሰው ዘመዱን ይቀብራል፤ አፈሩን ያያል፤ ሠልስቱን ይቀመጣል። በስደት ያለው ግን መርዶውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ማልደው ቤቱ ከተሰበሰቡ ወዳጆቹ አፍ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» ሲባል የቆየበት ጊዜም ይኖራል። ስለዚህ እናቱ በሕልሙ ሞርስ ሮድ ላይ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ ቢያገኛት፣ ሕልሙ የሚያቀርበው ሰበብ የተዘጋጀ ነው፦ የተነገረው ስሕተት ነበር፤ ደብቀውት ነበር። ሌላው ሕልመኛ አስቦ መፍጠር የሚኖርበትን ሰበብ እዚህ ባህሉ ራሱ አስቀድሞ ሰጥቶታል። አንዳንድ መምህራን የሞተ ሰው መታየት እጅግ አስተማማኝ የሕልም ምልክት እንደሆነ አድርገው ያስተምራሉ፤ ለስደተኛው ግን እንዲህ ያለውን ምልክት የልምምድ መነሻ ማድረግ ተገቢ አይመስልም፤ የእናትን ፊት መመርመር የሚያስከፍለው ዋጋ ከሚያስገኘው ዕውቀት ሊበልጥ ይችላልና፣ ሰዓቱና ጽሑፉ ይበቃሉ።

ሕልምን መመዝገብ የሙያው ሁሉ መሠረት ነው፤ ያልታወሰ ሕልም ምልክቱም ሰበቡም አይታወቅምና። በዚህ ረገድ ሕልሙን ጠዋት ለቤተሰብ መንገር የለመደ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል፤ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባልም ሕልምን ለማንም ሳይሆን ለሚታመን ሰው ብቻ የመንገርን ጥንቃቄ አስተምሯል። ይሁንና መንገር ከሚያተርፈው ጎን ለጎን የሚያጠፋው ነገር አለ። ተናጋሪ፣ አድማጩ እንዲከተለው ሲል የተቋረጠውን ይቀጥላል፤ ቦታውን ያስተካክላል፤ ያላየውን ምክንያት ይጨምራል፤ በዚህም ሌሊት የጀመረውን የሰበብ ሥራ ቀን ይጨርስለታል። ስለሆነም ሕልሙ ከመነገሩ በፊት፣ ከአልጋ ሳይነሡ፣ በቁርጥራጭ ቃላትም ቢሆን መጻፍ አለበት፤ ከእያንዳንዱ እንግዳ ነገር አጠገብም ሕልመኛው በዚያ ጊዜ ለራሱ የሰጠው ሰበብ ይመዝገብ። ጥቂት ሳምንታት የተጻፈ መዝገብ ሲገለጥ እንግዳዎቹ ነገሮች ብዙና ልዩ ልዩ ሆነው ሳለ ሰበቦቹ ግን ጥቂትና ተደጋጋሚ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የልምምዱም ትርፍ እዚህ ላይ ነው። ሕልሙ መልእክት አለው ወይስ የለውም የሚለው ግን የሕልም ፈቺው ጉዳይ እንጂ የዚህ ሙያ አይደለም፤ ዮሴፍ የፈርዖንን ላሞች ሲፈታ የከሲታዎቹን ወፍራሞቹን መብላት አመክንዮ አልመረመረም።

የቀኑን ልምምድ በተመለከተ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፓውል ቶላይ ያስተማረው የጥያቄ ዘዴ፣ ሰው በቀን ደጋግሞ «ነቅቻለሁ ወይስ እያለምኩ ነው?» እያለ በእውነት እንዲመረምር ያዝዛል፤ በልማድ የተባለ ጥያቄ በሕልምም በልማድ ተብሎ ያልፋል። ከዚህ በላይ በተነገረው መሠረት ግን ጥያቄው የሚነሣበት ምክንያት ቢለወጥ ይመረጣል። ሰው በቀን «ይሆናል፣ ምናልባት ነው» ብሎ አንድን ነገር ሳያጣራ በዘጋ ቁጥር፣ ያስቀመጠው ቁልፍ ሌላ ቦታ ሲገኝ ወይም በኢስተን ያየው ፊት የጎንደር ሰው ሲመስለው፣ ቆም ብሎ ሰበቡን ይያዝ፤ ከዚያም ወደዚህ ቦታ ከየትና እንዴት እንደመጣ የአንድ ሰዓት መንገዱን ወደ ኋላ ይቁጠር። የነቃ ሰው መንገዱን ያገኘዋል፤ የሚያልም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም።

የሌሊቱ ልምምድ ላበርጅ በ1980 ያሳተመው የትውስታ ዘዴ ነው። ሕልመኛው ከአምስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ በኋላ ነቅቶ፣ የቅርቡን ሕልም አስታውሶ፣ ሰበቡን የፈጠረበትን ቦታ ለይቶ፣ በሚቀጥለው ሕልም ማለሙን እንደሚያስታውስ ለራሱ ቃል እየገባ መልሶ ይተኛል። ሰዓቱ የተመረጠው እንቅልፍ በ90 ደቂቃ ገደማ እየዞረ ሲሄድ ሕልም የሚበዛበት ክፍል ወደ ንጋት ስለሚረዝም ነው። በመጋዘን የሌሊት ሽፍት ሠርቶ ማለዳ ለሚተኛ ሰው ግን ይህ ሥርዓት ይዛባል፤ ሕልማማው ክፍል የሚከተለው የእንቅልፉን ርዝመት ብቻ ሳይሆን የሰውነትን የቀን ሰዓትም ስለሆነ፣ ጠዋት የተኛ ሰው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ሊያልም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አምስት ሰዓት መጠበቅ አያሻውም፤ ቃሉን መጀመሪያ ሲተኛ መግባት ይችላል።

እንቅልፍን አቋርጦ መመለስ ዱካክንም ሊያመጣ ይችላል፤ ዱካክ፣ አእምሮ ነቅቶ አካል እንደታሰረ ሲቀር የሚሰማው ደረት የሚጫን ፍርሃት ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው የጡንቻ መታሰር ዘግይቶ በመፈታቱ የሚመጣና ብዙ ሳይቆይ የሚለቅ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ድንጋጤው ይቀንስለታል። እውነተኛውን ከምናብ የመለየት ችግር የገጠመው ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ይህን ልምምድ ባይጀምረው ይመረጣል። ሌሎችም ቢሆኑ፣ በተለይ ሁለት ሥራ የሚሠሩና በማለዳ መኪና የሚነዱ የሞርስ ሮድ ነዋሪዎች፣ እንቅልፍ የሚያቋርጠውን ልምምድ ዕረፍት ላላቸው ቀናት ብቻ ይተዉት፤ በሥራ ቀን መዝገቡና የቀኑ ጥያቄ በቂ ናቸው።